የአዴ አስያ ጉማ

ልጄን በገመድ አስሬ ሥራ እውል ነበር። ይህን ሲሰማ የሚሰቀጥጠው ካለ ይሰቅጥጠው፤ እኔንም ይሰቀጥጠኝ ነበር። ፋናዬ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ በሚሊሻነት ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ አንድ ደብዳቤ ልኮ ድምፁ ጠፋ። እናቴ ያለችው ሩቅ፣ አርቦዬ ከተማ ነው። ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት እርሻ ካምፕ ውስጥ እኔና ልጄ ብቻችንን ነበርን። ጠዋት የሥራ ደወል ሲደወል ወገቧን በነጠላ ቁራጭ እጠመጥምና በላዩ ላይ ገመዱን አስሬ ጫፉን ምሰሶው ላይ እቋጥረዋለሁ። ገመዱ የሚለካው እንዲህ ነው፤ መደቡ ላይ ያስወጣት፣ ምድጃው ጋ ግን አያድርሳት፣ በሩ ጋም አያድርሳት። ቋጠሮው ከኋላዋ ይሆናል፤ ከፊት ከሆነ ትፈታዋለች። ይህን ያስተማሩኝ ካምፑ ውስጥ ከእኔ በፊት የገቡ ሴቶች ናቸው። አርባ ምናምን እናቶች ነበርን፤ ገመድ የሌላት አልነበረችም ማለት ይቻላል።

ለምን ይዛችኋቸው አትሄዱም ነበር የሚለኝ አይጠፋም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንዷ ልጇን ነፋስ እንዳይመታው ብላ ያልታጨደ ስንዴ መሀል አስተኛችው። ኮምባይነሩ ዞሮ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ ይዞ ማሳ መግባት ተከለከለ። መከልከልማ ቀላል ነው። ታዲያ የት እናድርጋቸው ብለን ስንጠይቅ የሚመልስ አልነበረም።

እሳቱ የተነሳው በ1976 ዓ.ም. ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ረፋዱን ነው። ከማን ምድጃ እንደተነሳ እስካሁን አይታወቅም። የካምፑ ጣራ ሣር ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ደረቁ ነፋስ ነው። እኛ ኮምባይነሩ ጎን ቁጭ ብለን የጆንያ አፍ እንሰፋ ነበር። ጭሱን መጀመሪያ ያየችው ከጎኔ የምትሰፋው ከዲጃ ነች። መርፌዋን ጆንያው ላይ እንደሰካች ተነስታ መሮጥ ጀመረች፤ ተከተልናት።

የሚያሠራን ካቦ ካሣዬ አለንጋውን ይዞ ቦዩ ላይ ተገተረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጅል ነበር። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ኮታው መሙላት አለበት፣ ኮምባይነሩ ለአንድ ደቂቃ መቆም የለበትም ተብሏል፤ እሱ ደግሞ የተባለውን የሚያደርግ ሰው ነው። የከዲጃን ፊት ከጆሮዋ እስከ አገጯ በአለንጋው ሰነጠቀው። መመታቷን ያወቀችም አይመስለኝም። ደረቱን በትከሻዋ ገጭታ ቦዩ ውስጥ ጣለችውና አለፈች። ከኋላ የመጣነው በላዩ ላይ ተራመድን። እኔ ሆዱን መርገጤን አስታውሳለሁ። አላዘንኩለትም።

የእኔ ረድፍ ገና አልተነካም ነበር፤ ፋናዬን ገመዱን በቢላ በጥሼ አወጣኋት። ከዲጃ ግን የሦስት ዓመት ልጇን፣ ሁሴኖን፣ አልደረሰችለትም። የጋለውን የበሩን ቆርቆሮ በሁለት እጇ ይዛ ስትገነጥለው ጣራው ወረደ። የመዳፏ ቆዳ ቆርቆሮው ላይ ተልጦ ቀረ። አራት ሆነን ወደ ኋላ ጎትተን ያዝናት፤ ነከሰችን፣ ቧጨረችን፣ አልለቀቅናትም። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ልጁን ከበሩ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አገኙት። ገመዱ የሚያደርሰው እስከዚያ ነበር። የለካችው ራሷ ናት። ልጁ የት ላይ እንደተገኘ ለከዲጃ የነገራት ማን እንደሆነ ባውቅ ዛሬም ቢሆን ምላሱን እቆርጠው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ ሲደወል ሁላችንም ልጆቻችንን መልሰን አሰርን። ሌላ ምን እናደርጋለን?

ያን ዕለት ከሥራ መልስ ለቅሶ ለመድረስ አዴ አስያ ቤት ተሰበሰብን። ከዲጃ ቤቷ ስለተቃጠለ እሳቸው ጋ ነበረች። አዴ አስያ፣ አዴ ማለት እማማ እንደ ማለት ነው፣ ስድሳን ያለፉ የአርሲ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ጅብሪል የእርሻው ዘበኛ ነው፤ እሳቸው የእሱን ልጅ እያሳደጉ ከእሱ ጋር ይኖራሉ። አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ብዙም አይናገሩም። ለቅሶው መሀል ወደ እኔ ዞረው መጻፍ እንደምችል በኦሮምኛ ጠየቁኝ። እችላለሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አርቦዬ ላይ ተምሬ የምስክር ወረቀት ያገኘሁ ሴት ነኝ። እንግዲያው ጻፊው አሉኝ። ምን ብዬ ብላቸው፣ ክበቡን ለልጆች ይስጡን ብለሽ አሉ።

ክበቡ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ውስጡ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ አለ፤ ግድግዳው ላይ የመሪዎች ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። ከላይ እንግዳ ካልመጣ በስተቀር ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ነው የሚኖረው።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። እርሻው ለማዳበሪያው ዝናብ እንዳይነካው መጋዘን ሠርቶለታል፣ ዘበኛም ቀጥሮለታል። ትራክተሩ የሚያድርበት ጣራ አለው። ልጆቻችን ግን የሚጠብቃቸው ገመድ ብቻ ነው። ስለዚህ ክበቡ የሕፃናት መዋያ ይሁንልን፤ ሁለት ጠባቂ ሴቶችና ፊደል የሚያስቆጥር አንድ ሰው በእርሻው በጀት ይቀጠሩልን። ይህን የምንጠይቀው እንደ ምጽዋት አይደለም። ስንዴው የመንግሥት ነው፣ እጃችንም የመንግሥት ሥራ ላይ ነው፤ እኛ የመንግሥትን ስንዴ ስናነሳ መንግሥት ልጆቻችንን ያስጠብቅልን። አርባ ሦስት ሴቶች የጣት አሻራቸውን አተሙበት። ከዲጃ እጆቿ በጨርቅ ተጠምጥመው ስለነበር የእግሯን አውራ ጣት ቀለም ነክረን አተምንላት።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍሰሐ ለስብሰባ አሰላ ሄደው ስለነበር ደብዳቤው የደረሰው ለካድሬው፣ ለጓድ ኃይለመስቀል ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና መንፈቁ ነበር። በየሳምንቱ ሰብስቦን ስለ ሴቶች ድርብ ጭቆና የሚያስተምረን እሱ ነው። ስለዚህ ማንም ባይሰማን እሱ ይሰማናል ብዬ ነበር፤ ይህ የእኔ ጅልነት ነው፣ ከካቦ ካሣዬም የባሰ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከማሳ አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። ጽሑፌን አመሰገነና፣ የጭቁን ሴት እጅ እንዲህ እንደማይጽፍ፣ ከኋላዬ አንድ የተማረ አድኃሪ እንዳለ፣ በአጨዳ ሰዓት ሴቶችን ማሳመፅ በምርት ላይ የሚሠራ አሻጥር እንደሆነ በዝግታ አስረዳኝ። ስም ብቻ ነው የፈለገው።

«ማን ነው ያጻፈሽ?»

«የተቃጠለው ልጅ» አልኩት።

በጥፊ ሲመታኝ ከነወንበሩ ወደቅሁ። ከዚያ ጅብሪልን ጠርቶ ወደ ማዳበሪያው መጋዘን አስወሰደኝ። ጅብሪል እግሬን አስሮ ከወጋግራው ላይ ሰቀለና ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ጅራፍ ውስጥ እግሬን ይመታኝ ጀመር። ካድሬው በር ላይ ቆሞ ያያል። የመጀመሪያዎቹን ቻልኳቸው። አንድ ሁለቴ ሰደብኳቸውም። ከዚያ ቆዳዬ ሲከፈት፣ ደሙ በጭኔ ወደ ታች ሲወርድ፣ ፋናዬ ትዝ አለችኝ። ጠዋት ካሰርኳት አሰርኳት ነው። እኔ ካልተመለስኩ የሚፈታት የለም። ቀኑን ሙሉ፣ ምናልባትም ሌሊቱን ሙሉ፣ ውኃ በሌለበት።

ልጄ ታስራለች፣ ፍቷትና እስክትጠግቡ ምቱኝ አልኩ። ጅብሪል ጅራፉን ዝቅ አድርጎ ወደ ካድሬው ዞረ።

«ስሙን ስትናገር ልጇ ትፈታለች» አለ ካድሬው። «ቀጥል።»

ጅብሪል ቀጠለ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፤ አዴ አስያ ናቸው አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ጻፊው ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ግን አርባ ሦስት ሴቶች ነበርን። ከሁሉም መሀል መርጬ እሳቸውን የጠራሁት የሚመታኝ ልጃቸው ስለሆነ ነው። የእናቱን ስም ሲሰማ እጁ እንደሚቆም አውቄ ነው። ቆመም። ጅራፉ ከእጁ ወደቀ። ካድሬው ግን ፈገግ አለ፤ ማዘርህ ናቸው ለካ፣ በል ሂድና አምጣቸው አለው።

በኋላ እንደሰማሁት ጅብሪል መጀመሪያ የሄደው እኔ ቤት ነው። ፋናዬን ከገመዱ ፈትቶ፣ አዝሏት እናቱ ዘንድ ወሰዳት። የሆነውንም ሳይደብቅ ነገራቸው። አዴ አስያ ልጄን ወተት አጠጧትና፣ እመጣለሁ፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ ብቻዬን ግን አልመጣም ብለው ወደ ጎረቤት መንደሮች መልእክት ላኩ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ አውርደው በጣሉኝ መጋዘኑ መሬት ላይ እንደተኛሁ የብዙ ሴቶች ድምፅ ሰማሁ። ዘፈን አይደለም፣ ለቅሶም አይደለም፤ ከደረት የሚወጣ ረጅም እሪታ ነው። ተሳብኩና በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁ። ከመቶ በላይ ይሆናሉ። እያንዳንዷ ቀጭን ቀጥ ያለ በትር ይዛለች። ሲንቄ ነው። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ ሳጥን ነበር። የአርሲ እናት ግን ልጇን ስትድር ሲንቄ ትሰጣታለች። ሴት ስትበደል ሴቶች ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ያን ጊዜ ወንድ በፊታቸው አያልፍም፣ መሀላቸው አይገባም፤ ጦርነትም ቢሆን ይቆማል፤ አቤቱታቸው ተሰምቶ ካሣ ካልተሰጣቸው አይመለሱም። ከኋላቸው ደግሞ በትር የሌላቸው የእኛ የካምፑ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይከተላሉ። ያን ቀን አንድም ልጅ አልታሰረም፤ ማሳ የገባም አልነበረም።

ክበቡ በር ላይ ቆሙ። አዴ አስያ ከፊት ናቸው። ሦስቱ ዘበኞች፣ ጅብሪልም ጭምር፣ የጠመንጃቸውን አፈሙዝ ወደ መሬት አዘቀዘቁ። ካድሬው ሽጉጡን ታጥቆ ከጽሕፈት ቤቱ ወጣ። አዴ አስያ በኦሮምኛ፣ ሳይቸኩሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ። ካድሬው አልገባውም፤ ጅብሪልን ጠየቀው።

«ሴትዮዋን ፍቱ፣ ይህን ቤት ለልጆች ክፈቱ ነው የሚሉት» አለ ጅብሪል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ፣ እባክዎን መሀላቸው አይግቡ።»

ገባ። የሰው አገር ሰው ነው፣ ያየው ዱላ ብቻ ነው። አሮጊት በዱላ አብዮቱን ልታቆም ነው ብሎ ሳቀ። ሲንቄውን ከአዴ አስያ እጅ ነጥቆ ጉልበቱ ላይ ሰበረው። የሴቶቹ እሪታ ቀጥ አለ። አዴ አስያ ቀና ብለው አዩትና በአማርኛ፣ ሲናገሩት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፣ ስባሪውን እያመለከቱ «አንተን የወለደች ሴት ይህ የላትም ወይ?» አሉት። ካድሬው ወፈር ባለው ስባሪ ጆሮ ግንዳቸውን መታቸው። ሲወድቁ ደግሞ ደገመ። የአጥንቱን ድምፅ መጋዘኑ ውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ጅብሪል ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ጠመንጃ ይዞ ቆሞ ነበር፤ አልተኮሰም፣ አልያዘውም፣ እናቱንም አልደገፋቸውም። 

ከዚያ ሴቶቹ ያደረጉትን እስክሞት አልረሳም። በሲንቄ ሰው አይመታም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ሲንቄዋን ሣሩ ላይ በጥንቃቄ፣ አንዱን ከአንዱ ጎን አስተኛች። አልተጣደፉም። ካድሬው ምን እየሆነ እንደሆነ ሳይገባው ቆሞ ያያቸዋል። የመጨረሻዋ በትሯን አስቀምጣ ቀና ስትል ባዶ እጃቸውን ዘለሉበት።

ሽጉጡን መዘዘ። አንድ ጥይት ተኮሰ፤ የክበቡን መስኮት ሰበረ። ሁለተኛውን ሳይተኩስ አንዷ የእጁን አንጓ በጥርሷ ያዘችው። ከዲጃ በጨርቅ በተጠመጠሙ እጆቿ አንገቱን አቅፋ ይዛው ወደቀች፤ ሌሎቹ በላዩ ላይ ተከመሩ። ጥፍር፣ ክርን፣ ድንጋይ፣ ጥርስ። ጩኸቱ መጀመሪያ ትእዛዝ ነበር፣ ከዚያ ስድብ ሆነ፣ በመጨረሻ እናቱን ይጠራ ጀመር። የመጋዘኑ በር ሲከፈት ጅብሪል ነው፤ መቀርቀሪያውን ሰብሮ ከፈተውና ሳያየኝ ወደ እናቱ ሮጠ። መቆም አልችልም ነበር። በጉልበቴ እየዳህኩ ሄጄ ደረስኩ። በሴቶቹ እግሮች መሀል እጄን አሾልኬ ያልተነካ ቦታ ፈለግሁ፤ ጎድኑን አገኘሁና በድንጋይ መታሁት። ደስ አለኝ። አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ ነገር ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ይቅር ተብያለሁ፣ ደስታው ግን አልወጣልኝም።

አልገደልነውም። ከዲጃ ናት በቃ ያለችው። አንድ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ክንዱ ተሰብሮ፣ በጋሪ ጭነው አሰላ ሐኪም ቤት አደረሱት። አዴ አስያ ቀትር ሳይሆን በጅብሪል ጭን ላይ ሞቱ። ጅብሪል «አዮ፣ አዮ» ይላል፤ እናቴ ማለቱ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው።

ከቀብር ተመልሰን ክበቡ በር ላይ ተቀመጥን። ሥራ የለም። ስንዴው ደርሶ መርገፍ ጀምሯል፤ በዚያ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ኅዳር ላይ ዝናብ ከመጣ ስንዴው እዛው ማሳው ላይ ይበቅላል። በሁለተኛው ቀን አቶ ፍሰሐ በላንድሮቨር መጡ። የእርሻ ባለሙያ ናቸው፤ ጭቃ የማይፈሩ፣ ጥጋብ የሌላቸው ሰው፤ ዓይናቸው ግን ከእኛ ይልቅ ወደ ሰማዩ ነበር። ከዲጃን፣ ጅብሪልንና እኔን ጽሕፈት ቤት አስገቡን። እኔን ሁለት ሴቶች ተሸክመውኝ ነው።

ነገሩን በአጭሩ አስረዱን። ካድሬው ሐኪም ቤት ሆኖ ከኮምባይነር ላይ ወደቅሁ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ሴቶች ደበደቡኝ ብሎ ለአለቆቹ ማመልከት ሞት ሆኖበታል። ዳግመኛ እዚህ አይመለስም፤ ዝውውር ጠይቋል። እሱ ካልተደበደበ ደግሞ የተገደለ ሰውም አልነበረም ማለት ነው። አዴ አስያ በእርጅና፣ ታመው ሞቱ ተብሎ ከተጻፈና ልጃቸው ከፈረመ ነገሩ እዚህ ይቀራል። ካልሆነ ወታደር ይመጣል፤ ወታደር ከመጣ ማን እንደሚቀር ማን እንደሚወሰድ እሳቸውም አያውቁም። ወደ ሥራ ከተመለስን ደግሞ እስከ አጨዳው መጨረሻ ክበቡን ለልጆቻችሁ እከፍትላችኋለሁ አሉ።

«ልጅ ከአጨዳ በኋላ ልጅ መሆኑን ይተዋል እንዴ?» አለች ከዲጃ። ልጅ የሌላት እሷ ናት የተናገረችው።

በጀት የለም አሉ። ጠባቂዎቹን ሴቶቹ ከመካከላቸው በተራ ይመድቡ፣ እርሻው ቤቱን ብቻ ይስጥ አሉ። እኔ ደግሞ የማዳበሪያው ዘበኛ በየትኛው በጀት ነው የሚከፈለው ብዬ ጠየቅኋቸው። ያ የእርሻው ሥራ ስለሆነ ነው አሉኝ። ጆንያ የሚሰፋውስ የማን ሥራ ነው አልኩ። ማታ ስንመለስ ልጃችንን በሕይወት እናገኝ ይሆን እያሉ የሚሰፉ አርባ ሦስት ሴቶች አሉ፤ እነዚህን ሴቶች ትተው እስኪ አንድ ኩንታል ስንዴ ወደ አሰላ ይላኩ አልኳቸው። በመስኮቱ ሰማዩን አዩ። ከዚያ ቤቱ በቋሚነት፣ ሁለት ጠባቂና አንድ ፊደል አስቆጣሪ በእርሻው በጀት፣ እጽፍላችኋለሁ አሉ። አንቺ መሥራት እስክትችዪ ጠባቂ ሁኚ አሉኝ። የአዴ አስያ የሞት ወረቀት ግን ይቅደም አሉ።

ጅብሪል መሬቱን እያየ ተቀምጧል። የእናቱን ደም በወረቀት ሸጠ ሊባል ነው። በአርሲ ሰው ሲሞት ደሙ ዝም ተብሎ አይቀርም፤ ጉማ ይከፈላል፣ የደም ካሣ ማለት ነው፣ ከብት ተነድቶ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ። እዚህ ግን የገዳይ ጎሳ የለም፤ የገዳይ ጎሳ መንግሥት ነው። ከዲጃ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ ቤቱ የእናትህ ጉማ ይሁን አለችው። ጅብሪል አውራ ጣቱን ዘረጋ።

መጻፍ የምችለው እኔ ነበርኩ። «አስያ ቱሳ በእርጅናና በሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ብዬ ጻፍኩ። ክበቡን ስጡን ብዬ በጻፍኩበት በዚያው እጅ ነው የጻፍኩት። ጅብሪል ጣቱን አተመበት። ስማቸውን ለካድሬው የሰጠሁት እኔ መሆኔን ከሞቱትና ከካድሬው በቀር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ለማንም አልተናገረም። ሥጋዬን የበላው ያ ዝምታው ነው።

ክበቡን የከፈትነው በሳምንቱ ሰኞ ነው። የፒንግ ፖንጉን ጠረጴዛ እግሩን አሳጥረን ልጆቹ የሚበሉበት አደረግነው። የተሰበረው መስኮት ገና ስላልተሠራ በካርቶን ደፈንነው። ሌላዋ ጠባቂ ከዲጃ ሆነች። ትችያለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ እነሱን ሳላይ ከምውል እነሱን እያየሁ ብውል ይሻላል አለችኝ። እናቶቹ ከደወሉ በፊት መጡ። ልጆቻቸውን አስረክበው ወዲያው አይሄዱም፤ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ፣ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ያያሉ። እርሻው መዝገብ ሰጥቶኝ ነበር። የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ስም፣ መዋያ የገባበት ምክንያት። ምክንያቱ ላይ ለሁሉም «እናት ሥራ ስለምትውል» ብዬ እሞላለሁ።

ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ጅብሪል መጣ። አራት ዓመት የሚሆናትን ልጁን ፋጡን እጇን ይዟል። እናቷ በወሊድ ሞታለች። ካምፑ ውስጥ ገመድ ወገቧን ነክቶት የማያውቅ ልጅ እሷ ብቻ ነበረች፤ አያት ነበሯት። ጅብሪል እግሬ ላይ ያለውን ጨርቅ አየና ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፎቶግራፎቹ የነበሩበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ስሟንና ዕድሜዋን ሞላሁ። ምክንያቱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እስክርቢቶውን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ደግሞ አነሳሁ። ከዚያ ጻፍኩ። ጅብሪል ማንበብ አይችልም።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለኝ።

አነበብኩለት። «አያቷን አዴ አስያን ጓድ ኃይለመስቀል ስለገደላቸው፤ ስማቸውን ለእሱ የሰጠሁትም እኔ ስለሆንኩ።»

ከዲጃ ከኋላዬ ናት፤ እንደሰማች አውቃለሁ። ልጆቹን ማጫወቷን አላቋረጠችም። አቶ ፍሰሐ ይህን መዝገብ በየወሩ እያዩ ይፈርሙበታል፤ በእርጅና ሞቱ ብዬ የጻፍኩትን ወረቀት ሐሰት እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ የሚመጣውን ሁሉ እቀበላለሁ ብዬ ነው። ጅብሪል የልጁን እጅ አልለቀቀም።

«የመታሁሽ እኔ ነኝ ብለሽ እሱንም ጨምሪበት» አለኝ።

ጨመርኩት። ጣቱን ቀለሙ ላይ ነክሮ ከሥሩ አተመበት። ከዚያ የፋጡን እጅ ለቀቀ። እሷም ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀችና ወደ ልጆቹ ገባች።